ፎቶ የሚልከው የጫካ ካሜራ፦ አስር ወር ሠርቷል፣ መላኩን ግን ዘግቼዋለሁ

ሳጥኑ ላይ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀስቱን የወጠረ ፈረንጅ አለ። ሦስተኛ እጅ ቢኖረው ኖሮ ስልክም ያስይዙት ነበር፤ የሚሸጡት እሱን ነውና። ዛፍ ወይም ካስማ ላይ የሚታሰር ካሜራ ነው፤ አውሬው ፊቱ ካለፈ ራሱ ያነሳዋል፣ በደቂቃ ውስጥም ፎቶው ስልክህ ላይ ዱብ ይላል ነው ነገሩ። ተጨማሪ ብር የከፈልኩትም ለዚችው ናት፤ ሲም ካርድ የሚወስደው ሞዴል ከማይወስደው ጋር ሲተያይ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ከመስከረም እስከ ሐምሌ ደባርቅ አካባቢ አንድ የበግ በረትና ከሥሩ ያለ የድንች ማሳ ላይ ሠርቷል። ካሜራነቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። መላኪያው ግን ከጥር ወዲህ ዝግ ነው፣ ተመልሶም አይከፈትም።

ሻጭ ቢሰማኝ «ወንድሜ፣ ኔትወርኩ ነው እንጂ ዕቃው ምን አደረገ?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። እሺ፣ ሲግናሉ ሙሉ ነው እንበል። ጅቡ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ12 ላይ የበረቱን ጥግ ሲያሸት ተነሳ፣ ፎቶው 7 ሰዓት ከ13 ላይ ጎንደር እኔ ዘንድ ገባ። ከዚያስ? ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጅብ ደግሞ መኪና እስኪነሳ አይጠብቅም። እረኛው ከበረቱ አጠገብ ነው የሚያድረው፣ ውሻው ከካሜራው ቀድሞ ነግሮታል፣ ያውም ያለ ሲም ካርድ። ፎቶው በደቂቃ መድረሱ የሚጠቅመው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ መሣሪያውን ይዞ በእግር በሚደረስበት ርቀት አድፍጦ የሚጠብቅ። ካሜራው የተሰፋው በእሱ ልክ ነው፤ እኔ የለበስኩት የሰው ልብስ ነው።

ለልብሱ ባለቤት፣ ለአዳኙስ ያምርበታል ወይ? የቀስት አደን ክብሩ ቅርበቱ ላይ ነው። ኮምፓውንድ የሚባለው የዛሬው ባለመዘውር ቀስት ፍላጻውን በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ፈጣን ይመስላል፣ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ይሄዳል። እንስሳው 30 ሜትር ላይ ከቆመ የጅማቱ ጩኸት አንድ አሥረኛ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ጆሮው ገባ፤ ፍላጻው የሚደርሰው ሲሶ ሰከንድ ቆይቶ ነው። በመካከል ባለችው ሩብ ሰከንድ ንቁ እንስሳ ለመፈናጠር ጉልበቱን አጥፎ ወርዷል። ሳንባ ላይ የታለመው ፍላጻ ጀርባ ላይ ያርፋል፣ እንስሳውም ቆስሎ ጥሻ ለጥሻ ይጠፋል። ስለዚህ አዳኙ መቅረብ አለበት፤ ለመቅረብ ደግሞ ዱካውን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የውኃ መውረጃውን ማጥናት አለበት። መዘውሩ ቀስቱን ወጥሮ መቆየትን አቀለለለት፤ ሙሉ ሲጎተት እጅ ላይ የሚቀረው ክብደት ከአምስት አንድ እጅ ያህል ነው። ርቀት ለኪው ሌዘር ግምቱን ወሰደለት። ሁለቱም ግን ከማጥናት አላሳረፉትም። ፎቶ ላኪው የቀረችውን ይህችን ሥራ ወሰደ።

ካሜራው በገፍ በሚሸጥበት አገር ያሉ አዳኞችም ተጣልተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1887 የተመሠረተው የአሜሪካው የአዳኞች ክለብ ቡን ኤንድ ክሮኬት አዳኙን ወደ እንስሳው በሚመራ የቀጥታ ፎቶ ታግዞ የተገደለን እንስሳ የታላላቅ ግዳይ መዝገቡ ላይ አያሰፍርም። ፖፕ ኤንድ ያንግ የሚባለው የቀስተኞቹ ክለብ ከጥቂት ነገሮች በቀር ቀስቱ ላይ ኤሌክትሮኒክስ መግጠምን አይቀበልም። የአሜሪካዋ አሪዞና ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ካሜራን ለአደን ማዋልን ጨርሶ ከለከለች፤ የሚልከውንም የማይልከውንም። ደረቅ አገር ነውና ከጭቅጭቁ አንዱ እንስሳት የሚጠጡበት ውኃ ዙሪያ በሚደረደሩት ካሜራዎች ላይ ነበር። ሳጥኑ ላይ ያለው ሰውዬ ስለዚህ ሁሉ ትንፍሽ አላለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ ፉከራ የሰማ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ገዳይ ሲፎክር የሚጠራው ገደሉን፣ ጥሻውን፣ ፊት ለፊት መግጠሙን ነው። «ስልኬ ጮኾ ቀሰቀሰኝ» ብሎ የፎከረ እስካሁን የለም።

መላኪያውን ያዘጋኝ ይሄ ብቻ ነው ብል ግን ዋሸሁ። መጀመሪያ ያስመረረኝ ባትሪ ድንጋይ ነው።

ካሜራው 8 ዳብል ኤ ድንጋይ ይጎርሳል። ፎቶ ማንሳቱ ብዙ አይበላም፤ የሚበላው ፎቶውን በኔትወርክ የሚልከው ሞደሙ ነው። ሲግናል ሲደክም ይፈልጋል፣ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሞክራል፤ በየሙከራው ድንጋዩን ይመጠምጠዋል። እያንዳንዱን ፎቶ ወዲያው እንዲልክ ሲታዘዝ አልካላይን የሚባለው ጠንካራ ድንጋይ አንድ ዙሩ ሁለት ሳምንት አልሞላም። መላኪያው ተዘግቶ ያው ስምንት ድንጋይ ሦስት ወር አልፎታል። በመካከል በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ አነስ ያለውን ፎቶ ሰብስቦ እንዲልክ የሚያደርግ ምርጫ አለው። የግድ መላክ አለበት ለሚል ሰው የሚሻለው እሱ ነው፤ ሞደሙ አንዴ ነቅቶ አንዴ ይተኛል።

ተራውን ርካሽ ድንጋይ ያስገባ ሰው ካሜራው የተቃጠለ ይመስለዋል። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ የቀኑ ፎቶ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ የማታው ድፍን ጥቁር ይሆናል። ወይም ካሜራው ጠፍቶ ይነሳና ቀኑ ከፋብሪካ ወደመጣበት ይመለሳል። ማታ የሚበራው የማይታይ መብራት ባንዴ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ርካሹ ድንጋይ ያን ያህል መስጠት ስለማይችል ቮልቱ ዝቅ ይላል፣ ካሜራውም ይደነግጣል። የደባርቅ ውርጭ ሲጨመርበት ይብሳል። ቻርጅ የሚደረገው ዓይነትም ቢሆን አንዱ 1.2 ቮልት ነው፤ የእኔው ካሜራ ስምንቱን በተከታታይ ስለሚያያይዝ ድምሩ 9.6 ይሆናል፣ አልካላይኑ 12 ሲሰጥ። 9.6ቱን ያየ ካሜራ ድንጋዩ ሙሉ ሆኖ ሳለ «አልቋል» ብሎ ሊዘጋ ይችላል።

እኔ ዘንድ የሠራው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት የሆነው የታሸገ ባትሪ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው ዓይነት። ከመሰካቱ በፊት የካሜራው ሆድ ላይ የተጻፈው 12 መሆኑ ይታይ፤ 6 ቮልት የሚሉም አሉና። የሶኬቱ ፖዘቲቭ መሀል ይሁን ዳር፣ እዚያው ተስሏል። ባትሪው ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ከመሬት ከፍ ይላል። ገመዱ ካሜራው ጋ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደገና ወደ ላይ ይመለስ፤ እንዲህ ሲሆን ዝናቡ የገመዱን ሆድ ይዞ እታች ይንጠባጠባል። ቀጥ ብሎ ከወረደ ውኃው በቀጥታ ሶኬቱ ውስጥ ነው የሚገባው።

አተካከሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካሜራው የሚነቃው ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ፊቱ ሲንቀሳቀስ ነው። ወደ እሱ ቀጥ ብሎ የሚመጣን እንስሳ ዘግይቶ ያያል፣ በፊቱ አግድም የሚያልፈውን ቶሎ ይይዛል። ስለዚህ መንገዱን ፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ ነው ማየት ያለበት፣ ከ4 እስከ 6 ሜትር ርቆ። ለጅብ የጭን ከፍታ ይበቃል፣ ለጃርት ጉልበት ድረስ ዝቅ ይበል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ካዞረ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ያሳብደዋል። ባሕር ዛፍ ላይ አይታሰር፤ ዛፉ በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይና ሣር የሚንቀሳቀስ ይመስለውና ካርዱን በባዶ ፎቶ ይሞላዋል። የእርከን ካብ ውስጥ የተቀበረ የወይራ ካስማ ከሁሉም ይሻላል። ፊቱ ያለው ሣር በየጊዜው ይታጨድ። ቆላ ለሚወስደውም አንድ ነገር፦ መተማ ላይ በቀትር 40 ዲግሪ ሲያልፍ የመሬቱና የእንስሳው ሙቀት ስለሚቀራረብ ፊቱ የቆመውን በሬ እንኳ ሊስተው ይችላል። ያ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው።

ለሐምሌ ጉም መድኃኒት የለውም። ማታ መብራቱ ጉሙ ላይ ተመልሶ ፎቶው ነጭ ወረቀት ይሆናል። የካሜራው በር ጎማ ላይ ያለው ጭቃ በየጊዜው ይጠረግ፤ አንዲት የጭቃ ፍርፋሪ እርጥበት ለማስገባት ትበቃለች።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ልሙላ የሚል ካለ ይተወው። ካሜራው ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ስለሚያምን ጥቅምት ላይ ገና በ28 ወሩን ይዘጋል፣ ጳጉሜንም ጨርሶ አያውቃትም። የፈረንጁን ቀን ሞልቶ በራስ መለወጥ ነው። ሰዓቱም እንደዚያው፤ 1:12 የሚለው የሌሊቱ 7 ሰዓት ከ12 መሆኑን እረኛው ካልተነገረው ጅቡን በምሽት ሲጠብቅ ያመሻል።

ደስ ያሰኘኝ መብራቱ ነው። የብርሃኑ ሞገድ 940 ናኖ ሜትር የሆነው ዓይነት በመሆኑ ለዓይን ጭራሽ አይታይም። 850 የሆኑት ማታ እንደ ሲጋራ ጫፍ ቀላ ብለው ይታያሉ፤ እንስሳውም ሌባውም ያያቸዋል። ዋጋው ርቀት ነው፤ ከ12 ሜትር ወዲያ ያለው ምስል ይደበዝዛል። ለበረት በቂ ነው። ድንቹን የሚቆፍረው ከርከሮ ሳይሆን ጃርት መሆኑን ያሳየውም ይኸው መብራት ነው፣ በየሁለት ሳምንቱ ተነቅሎ በሚታይ ተራ 32 ጊጋ ካርድ። ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ካሜራው ውስጥ ፎርማት ይደረግ። በደቂቃ የደረሰኝ ፎቶ ያስተካከለው አጥር የለም፤ በሁለት ሳምንት የዘገየው አስተካክሏል።

«ለሌባስ?» ይላል ሻጩ። እዚህ ላይ ልክ ነው። በግ የሚነዳው እጅ ጅብ ካልሆነና ቅርብ የሚደርስ ዘመድ ካለ፣ ወዲያው የሚመጣ ፎቶ ዋጋ አለው። እንዲህ ያለው ሰው ይግዛው፤ ግን ሲሙን መጀመሪያ ስልክ ውስጥ ከትቶ የፒን ጥያቄውን ያጥፋ፣ ቦታው ላይ ዳታ መሥራቱን ይሞክር፣ ካሜራው የሌላ አገር ኔትወርክ ላይ የተቆለፈ አለመሆኑን ብር ሳይቆጥር ይጠይቅ።

ሌላው የካሜራው የስልክ መተግበሪያ ነው። እያንዳንዱን ፎቶ ካርታ ላይ ያስቀምጣል። በረቱ አጠገብ ነብር ቢያልፍና ፎቶው ቴሌግራም ላይ ቢወጣ ቦታውም አብሮ ሊወጣ ይችላል። ከደባርቅ ወዲያ ያለው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ዩኔስኮ አደጋ ላይ ናቸው ከሚላቸው የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ዋሊያ ከዚያ በቀር የትም በዱር አይገኝም። የቦታ ምልክቱ መጥፋት አለበት፤ ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይተከልም።

ዛሬ ቢሆን ሲም የሌለውን ገዝቼ በተረፈው ባትሪና ሁለት ካርድ እጨምር ነበር። ያለኝን ግን አልሸጠውም። ሲሙን አውጥቼ፣ ሞደሙን ከሜኑው ዘግቼ፣ ከዚያ በኋላ ነው አንቴናውን የፈታሁት፤ ሞደሙ በርቶ ያለ አንቴና ከላከ ራሱን ሊጎዳ ይችላልና። የአንቴናውን ቀዳዳ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ ደፍኜዋለሁ፤ የሐምሌ ዝናብ እስካሁን አልገባበትም።