ታፔላ ለማንበብ የድሬ ኮንትራት ባጃጅ፦ 4 ከ5

ድሬዳዋ ላይ ከታፔላ ቃል ለመልቀም ኮንትራት ባጃጅ ጥሩ ነው፣ አያያዙን ላወቀበት። ከዚራና መጋላ የሚባሉት ሰፈሮች ከደቻቱ ወንዝ ወዲያና ወዲህ ስለሆኑ ሁለቱንም በእግር ማዳረስ በድሬ ፀሐይ አይሞከርም። ሚኒባስ ደግሞ ለታፔላ ብሎ አይቆምም።

ዋጋ ሲነጋገሩ «በሰዓት» ይበሉ። በቦታ ከተስማሙ ሾፌሩ ቶሎ ለመጨረስ ይነዳል፤ በየታፔላው ሲያስቆሙት የቆይታ ብሎ ይጨምራል። ጠዋት ላይ የሁለት ሰዓት ያህል ኮንትራት ይበቃል። የጎን ሸራው ተጠቅልሎ ይታሰር፣ አለዚያ የሚታየው አስፋልቱ ብቻ ነው። ሲቀመጡም በቀኝ በኩል ይሁን፤ የቅርቡ ታፔላ በዚያ ነው።

ከባጃጁ ይልቅ የሚመረጠው ሾፌሩ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚናገር ሾፌር ድሬ ላይ ብርቅ አይደለም፤ መናገርና ማንበብ ግን ይለያያሉ። «አቦ ግቡ፣ ሁሉንም አውቃለሁ!» ቢልም ከመስማማትዎ በፊት ፊት ለፊት ካለው ታፔላ አንድ መስመር ያስነብቡት።

ሀብቱ ያለው ሦስቱ ቋንቋዎች በተደረደሩበት የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የጤና ተቋም ታፔላ ላይ ነው። ኦሮምኛውም ሶማሊኛውም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፣ ንባባቸው ግን አይገናኝም፤ እንግዳ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤክስ የምትባለው ፊደል ኦሮምኛው ላይ «ጠ» ናት፣ ሶማሊኛው ላይ ከጉሮሮ የምትወጣ «ሐ»። ስለዚህ የኦሮምኛው «ጢያራ» (አውሮፕላን) እና የሶማሊኛው «ሐፊስ» (ቢሮ) በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ሲ የምትባለው ፊደልም እንደዚሁ ናት፦ ኦሮምኛ ላይ «ጨ»፣ ሶማሊኛ ላይ «ዐ»። በር ላይ «ጩፋ» ካለ ዝግ ነው፤ «ዓፊማድ» ካለ ጤና ነው። እኛ ሐንና ዐን እየጻፍን ድምፃቸውን ከረሳን ቆይተናል፤ ሶማሊኛ ተናጋሪው ሾፌር ሲያነባቸው ጆሮ መስጠት ነው።

«ቡፈታ»ንም ይከታተሏት። «ቡፈታ ፈያ» ጤና ጣቢያ፣ «ቡፈታ ጢያራ» አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሶማሊኛው «ሱቅ» ቢል ደግሞ ገበያ ማለቱ ነው፤ የእኛን ሱቅ «ዱካን» ይለዋል።

ቀፊራ ገበያ ሲደርሱ ባጃጁ ውጭ ይጠብቅ፤ ውስጡ የእግር ነው። የባነር ታፔላ ላይ ብዙ አይድከሙ። ፀሐይ ቀዩንና ቢጫውን ቀለም ቀድሞ ስለሚበላው የሱቁ ስም ጠፍቶ በጥቁር የተጻፈው ስልክ ቁጥር ብቻ የሚቀርበት ብዙ ነው። ላሜራ ላይ በእጅ የተጻፈው የተሻለ ይቆያል፣ ቃሉም የቆየ ነው።

ፈረንሳይኛ ለሚፈልግ ባቡር ጣቢያው ከዚራ ነው። ሐዲዱ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳይኛው «ሸማን ደ ፌር» (የብረት መንገድ) ያለውን አማርኛ «ምድር ባቡር» ብሎታል። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ጥበቃውን ያስፈቅዱ፤ መሥሪያ ቤቶችም ጋ እንዲሁ። ሳይጠይቁ ስልክ ካወጡ ጉብኝቱ በጭቅጭቅ ያልቃል።

አንዱን ነጥብ ያስቀነሰው ጩኸቱ ነው። ሾፌሩ ሲያነብ ሞተሩን ያስጠፉት፣ አለዚያ «ሐ»ዋም «ዐ»ዋም አይሰሙም።