ዲኤስ18ቢ20 ከትንሹ ኦሌድ ስክሪን ጋር፦ ለእንቁላል መፈልፈያ ይሆናል?

ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት መለኪያ ሴንሰር ነው፤ ኦሌዱ ደግሞ ልኬቱን የሚያሳየው ስክሪን። ለመፈልፈያ ይሆናል፤ ግን ሳይፈተሽ አይታመንም። 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መቆየት ላለበት ሳጥን ዲኤችቲ11 የተባለው የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ከነጭራሹ አይታሰብም፤ እስከ 2 ዲግሪ ድረስ ይሳሳታል። በብረት ቱቦ ታሽጎ የሚሸጠው፣ ውሃ የማያስገባው ዲኤስ18ቢ20 ከ-10 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ክልል ስህተቱ ከግማሽ ዲግሪ አያልፍም። ይህ ግን የኦሪጅናሉ ነው፤ ገበያውን ቅጂ ሞልቶታል። ስለዚህ ቱቦውን ከሕክምና ቴርሞሜትር ጋር ለብ ባለ ውሃ ነክሮ 37 አካባቢ ማወዳደር ግድ ነው። ልዩነቱ ካልተለዋወጠ ሴንሰሩን በሚያነበው ፕሮግራም (ኮዱ) ላይ ማካካስ ይቻላል፤ ከተለዋወጠ ሴንሰሩን መመለስ ነው።

ኮዱ ከሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ፣ ከአርዱዪኖ ናኖ ጋር ሲገጠም ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ ግራውንድ (ኔጌቲቭ)፣ ቢጫው ዲ2 የተባለው እግር ላይ ይገባል። በቀዩና በቢጫው መካከል 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንኑ ነው። ስክሪኑ -127 ካሳየ ሴንሰሩ አልተገኘም ማለት ነው፤ ሬዚስተሩንና ሽቦውን ይመልከቱ። 85 ካሳየ ደግሞ ልኬቱ ሳያልቅ ተነቧል፣ ወይም ኃይሉ ተቋርጦ ተመልሷል። በ12 ቢት (በከፍተኛው የልኬት ጥራት) አንዱ ልኬት እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል።

ባለ 0.96 ኢንቹ ኦሌድ፣ 128 በ64 ነጥብ፣ ለዋጋው ጥርት ያለ ነው። ኤስዲኤ (የዳታ እግሩ) ወደ ናኖው ኤ4፣ ኤስሲኤል (የሰዓት ምት እግሩ) ወደ ኤ5። የኃይልና የግራውንድ እግሮቹ ቅደም ተከተል ግን ከሻጭ ሻጭ ይለያያል፤ ጽሑፉን ሳያነቡ ኃይል አይስጡ። ጀርባው ላይ የስክሪኑ አድራሻ 0ኤክስ78 ተብሎ ተጽፎ ቢገኝም ኮዱ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ 0ኤክስ3ሲ ነው። 1.3 ኢንቹን የገዛ ሰው ጠርዙ ላይ ዝብርቅርቅ ነጥብ ካየ ስክሪኑ አልተበላሸም፤ ቺፑ ኤስኤች1106 ሆኖ ላይብረሪው (ስክሪኑን የሚያዝ ዝግጁ ኮድ) ግን ለኤስኤስዲ1306 ቺፕ የተሠራ ስለሆነ ነው።

ሌላው ጣጣ ሜሞሪ ነው። የናኖ ራም 2048 ባይት ሲሆን ሙሉው የስክሪን ምስል ብቻ 1024 ይወስዳል። ሌላ ነገር ሲደራረብበት ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ዩ8ጂ2 ላይብረሪን ምስሉን ከፋፍሎ በሚስለው በገጽ በገጽ አሠራሩ መጠቀም ይህን ያቃልላል።

የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ስለሚፈጅ ያው ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ሲበራ ከሰነበተ ነጥቦቹ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ብርሃኑን መቀነስና ጽሑፉን በየጥቂት ደቂቃው ጥቂት ነጥብ ማንቀሳቀስ ይበቃል። እርጥበት ግን ዲኤስ18ቢ20 አይለካም፤ ለዚያ ዲኤችቲ22 ጨምሮ መግዛት ነው።