መሪ ቀይረው ፍሬቻው አልመለስ ካለ የትኛው መፍትሔ ይሻላል?

አዲሱ መሪ ተገጥሟል። ልኩ ደስ ይላል፣ ቆዳውም ለእጅ ይመቻል። ወደ ግራ ታጥፈው መንገድዎን ይይዛሉ፤ ፍሬቻው ግን ቀጭ ቀጭ ማለቱን አላቆመም። በእጅዎ ይመልሱታል። በሚቀጥለው መታጠፊያም ያው ነው። እኔ ይህ ሲገጥመኝ ማብሪያው የተበላሸ መስሎኝ ሙሉውን ልቀይረው ነበር። ማብሪያው ግን ምንም አልሆነም። የጎደለው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬቻ ሲያበሩ በማብሪያው ውስጥ በሞላ የተያዘች ምላስ ወደ መሪው ዘንግ ትጠጋለች። ከመሪው ጀርባ ደግሞ አብሮት የሚዞር ጉብታ ወይም ፒን አለ። መሪውን ወደሚታጠፉበት ሲያዞሩ ጉብታው ምላሷን ገፋ አድርጎ ያልፋል። መሪው ሲመለስ ግን ያው ጉብታ ከሌላው ጎኗ ይይዛትና ማንሻውን ወደ መሐል ይመልሰዋል። በቃ። ኤሌክትሪክ የለበትም፣ ኮምፒውተር የለበትም። ቡይክ እ.ኤ.አ. በ1940 ራሱ የሚጠፋ ፍሬቻ ካወጣ ወዲህ ሐሳቡ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ብዙም አልተለወጠም።

ጉብታው በብዙ መኪና ከኦሪጅናሉ መሪ ጀርባ ላይ ነው የሚገኘው። መሪው ሲነሳ አብሮ ይሄዳል። በሌላው ደግሞ ለብቻው የተሠራ የፕላስቲክ ቀለበት ነው። ሆንዳዎች ላይ ለምሳሌ ዘንጉን ከብቦ የሚቀመጥ እንዲህ ያለ ቀለበት አለ። ኤርባግ ባላቸው አንዳንድ መኪኖች ቀለበቱን የሚያዞረው ክሎክ ስፕሪንግ የሚባለው፣ የኤርባጉን ሽቦ ጠቅልሎ የያዘው ክብ ፕላስቲክ ነው።

እንግዲህ ገዢ ማወቅ ያለበት ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አዲስ መሪ ሲገጥሙ ፍሬቻውን የሚመልሰው መሪው ሳይሆን ቦሱ ነው። ቦስ የሚባለው መሪውን ከዘንጉ ጥርስ ጋር የሚያገናኘው ቁራጭ ነው። ሞሞ የሚባለውን የመሪ ብራንድ ገዙ ወይም ናርዲ የሚባለውን፣ ለፍሬቻው ለውጥ የለውም። የብሎን ቀዳዳቸው ግን ይለያያል፤ የሞሞ 6 ቀዳዳዎች 70 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ናቸው፣ የናርዲ ደግሞ 74። ሁለቱንም የሚቀበል ቦስ አለ። ብዙ ሰው ገንዘቡን ሁሉ መሪው ላይ ያፈስና ቦሱን ያገኘውን ርካሽ ይገዛል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ለመኪናዎ ተብሎ የተሠራ፣ የፍሬቻ መመለሻው አብሮት ያለ ቦስ ነው። ዋጋው ከሌላው ከፍ ይላል፤ እኔ ግን ያለማቅማማት ይህን እላለሁ። ሲገዙ የመኪናውን ሞዴልና ዓመት መናገር ብቻ አይበቃም። ኤርባግ ያለውና የሌለው አንድ ሞዴል ሁለት የተለያየ ቦስ ሊፈልግ ይችላል። ሻጩን የቦሱን የጀርባ ፎቶ ይጠይቁ። ከፊት ያለው ፎቶ ምንም አይነግርዎትም። ከኦሪጅናሉ መሪ ጀርባ ጋር አስተያዩት፦ ፒኑ ስንት ነው? ከመሐሉ ምን ያህል ይርቃል? ምን ያህል ወጣ ብሏል? ፒኑ ከረዘመ እየፈተገ ይንጫጫል፣ ካጠረ ደግሞ አይደርስም። «ለሁሉም ይሆናል» የሚል ቦስ ካዩ ጀርባውን ሳያዩ አይግዙ።

ሁለተኛው ምርጫ ኦሪጅናሉን ቀለበት ማትረፍ ነው። ወጪው ምንም ማለት ይቻላል። የሚሠራው ግን ቀለበቱ ለብቻው ለሆነበት መኪና ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ አዲሱ ቦስ ቀለበቱን የሚያዞርበት ጥርስ ወይም ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። ቀለበቱ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ሥራው ላይ ነው። መሪው ሲነቀል ይወድቃል፣ ወይም ከአሮጌው መሪ ጋር ተጣብቆ ካርቶን ውስጥ ይገባል። ፍሬቻዎ እምቢ ካለ መጀመሪያ ካርቶኑን ይፈልጉ።

አዳዲስ መኪኖች ላይ ነገሩ ይለያል። ማንሻው ተጭኖ ወዲያው ወደ ቦታው የሚመለስ ከሆነ ፍሬቻውን የሚያጠፋው ኮምፒውተሩ ነው፤ የመሪውን መዞር የሚያነብ ሴንሰር ይነግረዋል። ይህ ሴንሰር በአንዳንዶቹ ከክሎክ ስፕሪንጉ ጋር አንድ ላይ የተሠራ ነው። አውጥተው ከጣሉት ፍሬቻው ብቻ ሳይሆን መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሲስተምም ይጠፋል። እንዲህ ባለ መኪና ላይ መሪ መቀየሩን ራሱን ደግሜ አስብበት ነበር።

ቦሱን አንዴ ከገዙና መመለሻ ከሌለው ራስዎ መሥራት ይችላሉ። የኦሪጅናሉን መሪ ጀርባ ወረቀት ላይ ይንደፉ፣ የፒኖቹን ቦታ ወደ ቦሱ ያስተላልፉ፣ በትራፓኖ በስተው ፒን ያስገቡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልኩ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ብየዳ ግን በፍጹም አይሞክሩ፤ ቦሱ ሕይወትዎን የያዘ ነገር ነው። የላላ ፒን ወድቆ ዘንጉ ዙሪያ እንዳይሰነቀር በደንብ ይጠብቅ። በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ ቀለበት የሚሸጡም አሉ። ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል፣ ፀሐይ ላይ ለሚቆም መኪና አይሆንም። ኤቢኤስ ወይም ፒኢቲጂ የሚባለው ፕላስቲክ ይሻላል።

ጊዜ ቆጥሮ ፍሬቻ የሚያጠፋ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አልወደውም። መብራት ላይ ቆመው ተራዎን ሲጠብቁ ፍሬቻዎ ቀድሞ ይጠፋል፤ ከኋላ ያለው ሰውም ቀጥ የሚሉ ይመስለዋል። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ደንብ ቁጥር 108 የቤት መኪና ፍሬቻ በመሪው መዞር ራሱ እንዲጠፋ ነው የሚያዝዘው፤ በጊዜ አይልም። ከዚህ ይልቅ ድምፁ ከፍ ያለ ማስታወሻ መግጠምና በእጅ ማጥፋት ይሻላል። ሞተረኞች ብዙዎቹ ሲያጠፉ የኖሩት በአውራ ጣታቸው ነው። ለውድድር ብቻ የሚወጣ መኪና ከሆነ ደግሞ ከነጭራሹ ምንም አያስፈልገውም።

ኤርባግ ካለው መሪውን ከመንካትዎ በፊት ባትሪውን ነቅለው ይጠብቁ። ቶዮታ 90 ሰከንድ ይላል፣ ሆንዳ 3 ደቂቃ። እኔ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። አዲሱ መሪ ያንን ኤርባግ እንደማይተካውም ይወቁት፤ የኤርባጉን ማስጠንቀቂያ መብራት የሚያጠፋ ሬዚስተር መብራቱን ብቻ ነው የሚያታልለው።

ሲገጥሙ ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ። ቦሱ በጥርሱ ላይ አንድ ጥርስ ከዞረ ፍሬቻው በአንድ በኩል ቶሎ፣ በሌላው ዘግይቶ ይጠፋል። ያኔ ዕቃው ተሳስቶ መጣ ብለው ሻጩን ከመውቀስዎ በፊት ዳዶውን ፈትተው አንድ ጥርስ ያዛውሩት። ዳዶውን መጨረሻ ድረስ ሳያጠብቁ፣ መኪናው እንደቆመ በሁለቱም በኩል ፍሬቻ እያበሩ ግማሽ ዙር ያህል አዙረው ይመልሱ። ሁለቱም ከጠፉ መኪናው ፋብሪካ ያዘዘውን ያህል ዳዶውን ያጥብቁት።