ባለ አንድ ቅጹ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ከ9 ወር በኋላ፦ መልሶ ለማንበብ የሚመረጡት ምዕራፎች

የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን ልብ ወለድ በሦስት ቅጽ ልግዛ ወይስ ሁሉም አንድ ላይ የተጠረዘበትን ለሚል ሰው፣ መልሱ ያለው አነባበቡ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሦስቱን ቢገዛ ይሻለዋል፤ ቀላል ናቸው፣ ታክሲ ውስጥም አልጋ ላይም ይያዛሉ። ታሪኩን የጨረሰና የወደደውን ምዕራፍ እየመረጠ ለሚመለስ ግን ባለ አንድ ቅጹን የሚያህል የለም። ምርጦቹ ምዕራፎች ብቻቸውን አይቆሙም፤ አንዱ ቦታ የተዘራው የሚታጨደው ከብዙ መቶ ገጽ በኋላ ነው።

መጀመሪያውንም ሥራው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ የወጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ተወዶ ስለነበር ነው። የውስጥ አከፋፈሉ ስድስት መጽሐፍ ሲሆን በድምሩ 62 ምዕራፍ አለው። ከዚህ በታች «2፥8» ማለት ሁለተኛው መጽሐፍ፣ ምዕራፍ ስምንት ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ዕልባት 2፥8 ላይ አድርጉት፤ የታሪኩ መንገደኞች ከሎሪየን፣ ከተቀበለቻቸው የደን አገር፣ የሚሰናበቱበት ምዕራፍ ነው። ጦርነት የለበትም፣ ብዙ ሰው በጥድፊያ ያልፈዋል። እዚያ የሚሰጠው ስጦታ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ሥራ ላይ ይውላል። ጀልባው ላይ የተጫነው ገመድ 4፥1 ላይ ቀለበቱን የተሸከመውን ፍሮዶንና ጓደኛውን ሳምን ከገደል ያወርዳል። የብርሃኑ ብልቃጥ 4፥9 ላይ በሸረሪቷ ዋሻ ይበራል። ለሳም የተሰጠችው የአፈር ሣጥን 6፥9 ላይ ትከፈትና አገሩን መልሳ ታለመልማለች። የካባው ማያያዣ፣ ቅጠል መሰሏ መርፌ፣ እንኳ ሥራ አላት፤ ከመንገደኞቹ አንዱ አራጎርን መንገድ ላይ የሚያገኛት 3፥2 ላይ ሲሆን የተማረከው ጓደኛቸው ፒፒን ሆን ብሎ እንደጣላት የምናየው 3፥3 ላይ ነው። ስለዚህ 4፥9ን ወይም 6፥9ን ከማንበብ በፊት የ2፥8ን የመጨረሻ ገጾች ማየት ይበጃል። በሦስት ቅጽ ሲሆን ለዚህ ሦስቱንም መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ግድ ነው።

ብዙ አንባቢ መልሶ መላልሶ የሚገልጠው 5፥5ን ነው፤ የሮሃን አገር ፈረሰኞች በጠላት ለተከበበችው ለሚናስ ቲሪት ከተማ የሚደርሱበትን። ስህተቱ ምዕራፉን ለብቻው ማንበብ ነው። የሮሃን ንጉሥ ቴዮደን ሜዳው ዳር ደርሶ ጎብጦ ተቀምጧል፣ የዘገየ መስሎት ልቡ ከድቶታል። ድንገት ከሩቅ ከተማዋ ላይ እንደ መብረቅ ያለ ነገር ይበርቃል፣ ቀጥሎ ከባድ ጉምጉምታ ሜዳውን አቋርጦ ይመጣል፤ ንጉሡም ቀጥ ብሎ ይነሳል። 4ኛውን ምዕራፍ ዘልሎ የመጣ ሰው ይህን ነጎድጓድ ብሎ ያልፈዋል። 5፥4 መጨረሻ ላይ ግን የጠላት በር መስበሪያ ግንድ የከተማዋን በር ለሦስተኛ ጊዜ ሲመታ መብረቅ በርቆ በሩ ሲፈራርስ አይተናል። ያው ብልጭታ ነው፤ እዚያ ከውስጥ ታይቶ እዚህ ከሜዳው ይታያል። ንጉሡን ያስነሳው የበሩ መሰበር ነው! ስለዚህ ከ5፥4 የመጨረሻዎቹን አራት አምስት ገጾች አንብባችሁ ሳትቆሙ ወደ 5፥5 ግቡ።

የጊዜው ቅደም ተከተል ሲምታታ መፍትሔው ከኋላ ያለው አባሪ ለ (Appendix B)፣ የዘመን ቅደም ተከተሉ ዝርዝር፣ ነው፤ ሁለተኛው ዕልባት የሚቀመጠው እዚያ ነው። በአባሪው መሠረት ፍሮዶ በጠላት የሚያዘው ማርች 13፣ ሳም በታሰረበት ግንብ ውስጥ የሚያገኘው ማርች 14፣ የፈረሰኞቹ ጦርነት ደግሞ ማርች 15 ነው። በገጽ ቅደም ተከተል ግን በ4፥10 እና በ6፥1 መካከል አምስተኛው መጽሐፍ ሙሉው፣ ማለትም አሥር ምዕራፍ፣ ገብቷል። በድጋሚ ንባብ ከ4፥10 በቀጥታ ወደ 6፥1 መዝለል የሳምን መንገድ ያለማቋረጥ ያሳያል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ግን ይህን እንዳይሞክረው፤ 5፥10 ላይ የፍሮዶ ጥሩር ከጠላት እጅ ሲወጣ የሚሰማው ድንጋጤ ይጠፋበታል።

ለብቻው ተነቦ የሚያጠግብ ቢኖር 4፥4 ነው። የፍሮዶና የሳም መንገድ መሪ ጎለም ሁለት ጥንቸል ያመጣል፤ ሳም ጦስኝና ሌሎች ቅጠሎች ያምረዋል፣ ድንች ይናፍቀዋል፣ ወጡን ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ያበስላል። እሳቱን በደንብ ሳያጠፋ ስለሚተወው ጭሱ ያጋልጣቸዋል። ከዚያ እፊቱ አንድ የጠላት ወታደር ሞቶ ይወድቃል፤ ሳም ስሙ ማን ይሆን፣ ከየት መጣ፣ ልቡስ በእውነት ክፉ ነበር ወይ ብሎ ያስባል። ከወጥ ሽታ ወደዚህ ጥያቄ የሚያደርሰው ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ በመላው ሥራ ይህን የሚስተካከል ምዕራፍ ጥቂት ነው።

2፥2፣ ስለ ቀለበቱ የሚመከርበት ጉባኤ፣ ረጅሙ ምዕራፍ ነው። ሙሉ ምሽት ከሌላችሁ አትጀምሩት፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ የተናጋሪዎቹ ክር ይጠፋል።

አሁን ስለ መጽሐፉ አካል። ለስላሳ ሽፋን ያለው እትም ጀርባው በኮላ የተጣበቀ ስለሆነ መሃሉ ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ መንስኤው አዲሱን መጽሐፍ መሃሉ ላይ በኃይል መክፈት ነው። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አቁሙት፣ ሁለቱን ሽፋኖች ወደ ታች አውርዱ፣ ከዚያ ከግራም ከቀኝም ከ20 እስከ 30 ቅጠል እያፈራረቃችሁ በእጅ በቀስታ ተጫኑ፤ መሃሉ ጋ እስክትደርሱ ቀጥሉ። ስንጥቅ ከመጣ ነጩን ኮላ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ስስ አድርጎ አስገብቶ አንድ ሌሊት ከባድ ነገር መጫን ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ፕላስተር ደግሞ ቢጫ ይሆናል። ወረቀቱ ስስ በመሆኑ የገጽ ጠርዝ ማጠፍ ይቀደዋል፤ ዕልባት በቀጭን የወረቀት ቁራጭ ይሁን፣ ከአራት አይብለጥ። ሲበዛና ሲወፍር ጀርባውን ይለጥጠዋል።