ልጅ ሲያስቀምጠው ውሃ ወይስ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የግሉኮስ ዱቄት)?

ሁለቱም ፈሳሽ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፣ በጣም ይለያያሉ።

ውሃ፦ ቅርብ ነው፣ ወጪም የለውም። ግን ልጁ በተቅማጥ ጨውም እያጣ ነው፣ ፈሳሽ ሲያንሰው ደግሞ ኤዲኤች የሚባለው ሆርሞን ኩላሊቱን ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ውሃ ብቻ ስትሰጡት ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም (የጨው ዋና ንጥረ ነገር) ይወርዳል፣ ሲብስም ያንዘፈዝፈዋል። አልዶስቴሮን የሚባለው ሌላ ሆርሞን ጨው ለማስቀረት ይሞክራል፣ የጨቅላ ኩላሊት ግን ገና በደንብ አይታዘዘውም።

ኦአርኤስ፦ በሊትር 75 ሚሊሞል ሶዲየም አለው፣ ግሉኮሱ (ስኳሩ) ጨውና ውሃውን ከአንጀት ያስገባዋል። ውሃ አሳንሳችሁ አታወፍሩት፣ ሶዲየሙ ይበዛል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቁና በማንኪያ ቀስ እያላችሁ።

ከ6 ወር በታች ከሆነ ውሃ ይቅር፣ ጡትና ኦአርኤስ። ተቅማጥ የሌለው፣ የጠማው ትልቅ ልጅ ውሃ ይበቃዋል። ከደነዘዘ ወይ ሽንት ካቆመ ግን ቶሎ ሀኪም ጋ።