የተዋናያችንን ቆዳ ወደ ብረት ለለወጠችልን ባለሙያ

አጭር ፊልማችን ተጠናቀቀ። በሥራው የተባበሩን ብዙዎች ናቸው፤ ለሁሉም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ዛሬ ግን በአደባባይ ላመሰግናት የምፈልገው የቪዥዋል ኢፌክት (በኮምፒውተር የሚሠሩ የፊልም ምስሎች) ባለሙያችንን ነው። ስሟ እዚህ እንዲጠቀስ ስላልፈለገች ፍላጎቷን አከብራለሁ። ሥራ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

ፊልሙ የሳይንስ ልብ ወለድ ነው። የታሪኩ ክብደት ሁሉ ያረፈው በአንድ ትዕይንት ላይ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጨለም ባለ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆሞ ቆዳው ከጣቱ ጫፍ ጀምሮ እስከ ፊቱ ድረስ ወደ ብረት ይለወጣል፤ ካሜራው ሳይቋረጥ፣ እርሱም እየተንቀሳቀሰ። ተመልካች ይህን ካላመነ ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አያዝም።

ባለሙያዋን ያገኘናት ቀረጻ ከመጀመራችን በፊት ነበር፤ ይህም ትልቅ ዕድል ሆነልን። ስክሪፕቱን አንብባ ስትጨርስ ስለ ሶፍትዌር አንድም ቃል አላነሳችም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ለውጡ ብርሃን ይፈነጥቃል ወይስ አይፈነጥቅም?» የሚል ነበር። ይፈነጥቃል ስንላት፣ እንግዲያው ብርሃኑ በቀረጻው ቦታ በእውነተኛ መብራት መኖር አለበት፤ አገጩ ሥርም ሆነ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ ሲወድቅ ካሜራው ሊያየው ይገባል አለች። በዕለቱም ራሷ ተገኝታ ከተዋናዩ ክንድ አጠገብ ደብዛዛ ሰማያዊ መብራት ይዛ ከእጁ ወደ አንገቱ በዝግታ አንቀሳቀሰች። ዛሬ ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ «እንዴት እውነት መሰለ?» ሲለኝ መጀመሪያ የሚታወሰኝ ያ መብራት ነው።

በተዋናዩ እጅና ፊት ላይ ትናንሽ ነጥቦች አደረገች፤ ኮምፒውተሩ የቆዳውን እንቅስቃሴ የሚከተለው በእነርሱ ነው። ተዋናዩ በቆመበት ቦታ ግራጫና እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ኳስ አስቀምጣ ቀረጸች፤ ብረቱ የክፍሉን ብርሃን ከየት በኩል ማንጸባረቅ እንዳለበት ከዚያ ታውቋል። ባዶውን ክፍልም ለብቻው፣ በዚያው የካሜራ እንቅስቃሴ አስቀረጸችን። የብረቱ ጣቶች ከሥጋው ጣቶች የቀጠኑ ስለሆኑ፣ በመካከል የሚከፈተው ክፍተት ከኋላው ያለውን ግድግዳ ማሳየት አለበት። ያ ግድግዳ የተገኘው ከዚህ ባዶ ቀረጻ ነው።

ማቀናበሩን፣ ማለትም ብረቱን ከተቀረጸው ምስል ጋር ማዋሐዱን፣ የሠራችው ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የቪዲዮ ሶፍትዌር ውስጥ ባለው ፊውዥን በተባለ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በነጻው የሪዞልቭ ቅጂ ውስጥም ይገኛል። አጠገቧ ተቀምጬ ያየሁትንና እስካሁን የሚደንቀኝን ልንገራችሁ፤ በሥጋና በብረት መካከል ያለውን ድንበር። ከጣቱ ወደ ፊቱ በኩል ከነጭ ወደ ጥቁር ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ምስል ሠራች፤ በላዩ ላይ ሥርዓት የሌለው የተበታተነ ጥለት ጨመረችበት። ከዚያ አንድ የብሩህነት መጠን ትወስናለች፤ ከዚያ በላይ ያለው ብረት ይሆናል፣ ከዚያ በታች ያለው ቆዳ ሆኖ ይቆያል። መጠኑን ዝቅ ባደረገች ቁጥር ድንበሩ ወደ ፊት ይገፋል፤ ግን ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየተሸራረፈ፣ አንዳንድ ቦታ ቀድሞ አንዳንድ ቦታ ዘግይቶ። ብረቱ የት እንደሚታይ ከሚወስነው ከዚህ ጥቁርና ነጭ ምስል (ማስክ) ላይ ጠበብ ያለ ቅጂውን ስትቀንስበት ቀጭን ጠርዝ ብቻ ተረፈ፤ እንደ ፍም የሚያበራው ይህ ጠርዝ ነው። ሁሉም በነጥቦቹ መረጃ ከቆዳው ጋር ስለታሰረ ክንዱ ሲዞር ድንበሩም አብሮ ይዞራል።

ለውጡ አንጓው ላይ ደርሶ ለአፍታ ያመነታል፤ ክርኑ ላይም እንዲሁ። ዓይኑ የሚለወጠው ከሁሉም በመጨረሻ ነው። በስክሪፕቱ ላይ ይህ አልተጻፈም፤ የእርሷ ሐሳብ ነው፤ ትዕይንቱ ላይ ነፍስ የዘራበትም እርሱ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነበር። የምስሉን ብሩህነት ከልክ በላይ ከፍ አድርጋ የብረቱ ጥቁር ከክፍሉ ጥቁር ጋር መመሳሰሉን ትመረምራለች። ምስሉ የተሠራባቸውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የቀለም ክፍሎች (ቻናሎች) እየነጣጠለች ታያለች፤ በሰማያዊው ላይ የካሜራው ግሬን (ጥቃቅን የምስል ነጠብጣብ) ይበዛልና ብረቱም ያንኑ ያህል ግሬን እንዲኖረው አደረገች። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ በ180 ዲግሪ ሹተር (ካሜራው ከእያንዳንዱ ፍሬም ጊዜ ግማሹን ብቻ ብርሃን በሚያስገባበት ቅንብር) ስለቀረጽን እያንዳንዱ ፍሬም ለሰከንድ አንድ አርባ ስምንተኛ ብርሃን ይቀበላል፤ የብረቱም የእንቅስቃሴ ብዥታ በዚሁ ልክ ተሰላ።

ቀደም ሲል ከሌላ ቦታ ያሠራነው ሥራ ጭንብል የተለጠፈበት ፊት ሆኖ ተመልሶልን ያውቃል። ስለዚህ ልዩነቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ሌላው የወደድኩላት ግልጽነቷ ነው። የተዋናዩ ፀጉር በብረቱ ድንበር ላይ ቢወድቅ የፀጉሩን ጠርዝ በምስሉ ላይ በእጅ ፍሬም በፍሬም መለየት እንደሚያስፈልግ፣ ይህም ጊዜውን እጅግ እንደሚያራዝመው አስቀድማ ነገረችን፤ የጭንቅላቱን አቅጣጫ ቀይረን ቀረጽን። ስትጨርስም ማስኮቹን ለየብቻ፣ ምስሉን ብዙ የብርሃንና የቀለም መረጃ በሚይዘው በኢ ኤክስ አር ፋይል አስረከበችን። የቀለም ባለሙያችን የክፍሉን ቀለም ሲያስተካክል ብረቱን ሳይነካ መሥራት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የችኮላ ሥራ ያላችሁ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እርሷ ያላመነችበትን ሥራ አታስረክብም። ልታሠሯት የምትፈልጉ ከቀረጻ በፊት ስክሪፕታችሁንና የትዕይንት ንድፋችሁን ይዛችሁ አነጋግሯት። ቀረጻው አልፎ ከሆነ፣ የተጨመቀውን ቪዲዮ ሳይሆን ከካሜራው የወጣውን ዋናውን ፋይል ከሌንሱና ከካሜራው መረጃ ጋር ላኩላት።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ውለታሽ አለብን። ለሚቀጥለው ፊልማችን ስክሪፕቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚደርሰው ለአንቺ ነው።