ሰባተኛ ጄኔሬሽን ወይስ ስምንተኛ? ዊንዶውስ 11 ለምትፈልጉ

ደሴ ላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ የሚወጣ ወዳጅ ሁሉ ይደውልና «ሰባተኛ ጄኔሬሽን በርካሽ አግኝቻለሁ፣ ልውሰደው?» ይለኛል። ጄኔሬሽን የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ትውልድ ነው። መልሴ አንድ ነው፦ ተወው፣ ጨምረህ ስምንተኛውን ግዛ።

ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ ስጠይቅ ኮር አይ 5 ሰባተኛው 30,000 ብር ገደማ ነው፤ ስምንተኛው 36,000 ይባላል፣ ጠንክሮ የተከራከረ በ34,000 ይወስደዋል። 4,000 ብር ለተማሪ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ማይክሮሶፍት ከኢንቴል በኩል ለዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ከስምንተኛው ጀምሮ ነው። ከሰባተኛው ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ገበያውን የሞሉት 7200ዩ እና 7300ዩ የተባሉት ፕሮሰሰሮች የሉበትም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት አፕዴቱ) ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ ተመዝግቦ ማራዘም ቢቻልም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ነው። ሰባተኛው በእጃችሁ ካለ ተመዝገቡና ተጠቀሙበት፤ አዲስ ገንዘብ ግን አታውጡበት።

ሻጩ «ይኸው 11 ተጭኖበታል» ይላችኋል። የዊንዶውስ 11ን የመስፈርት ፍተሻ በሚያዘልል ፍላሽ ይጫናል። የአክስቴ ልጅ ለኮምቦልቻ ትምህርቷ እንዲህ ያለ ገዛች፤ የዓመቱ ትልቅ አፕዴት ሲወጣ ለእሷ አይመጣላትም። በመጣ ቁጥር ጥገና ቤት ወስዳ በፍላሽ ታስጭናለች፣ ትከፍላለች። ያተረፈችው ገንዘብ በዚያው አለቀ።

ስቲከር አትመኑ። ላዩ ስምንተኛ የሚል፣ ውስጡ ሰባተኛ የሆነ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። የሞዴሉ ስምም አያስተማምንም፤ ቲንክፓድ ቲ480 በሰባተኛ ፕሮሰሰርም ወጥቷል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለውን ንኩ። «አይ5-8250ዩ» ካለ ከሰረዙ ቀጥላ ያለችው 8 ናት የምትፈልጓት። 7 ከሆነች መልሱለት።

ስምንተኛውን ገዝታችሁም «ይህ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም» ካለ አትደንግጡ። ራምና ስቶሬጅ እምብዛም አያስቸግሩም፤ ብዙ ጊዜ ቲፒኤም (ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ቺፕ) ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ ውስጥ፣ ተዘግቶ ነው። ለጎረቤቴ አንድ ጥገና ቤት «ቺፑ ተቃጥሏል፣ ቦርዱ ይቀየር» ብሎ 9,000 ብር ጠይቆት ነበር። ቤት ወስደን ባዮስ ገባን፣ ሴኩሪቲ ስር ቲፒኤምን ከፈትነው፣ አለቀ። ሌኖቮ ቲንክፓድ በኤፍ1፣ ዴል በኤፍ2፣ ኤችፒ በኤፍ10 ይገባል። ዊንዶውስ 10 በሌጋሲ (በድሮው የማስነሻ ዘዴ) ተጭኖ ከሆነ «ኤምቢአር2ጂፒቲ» የሚባለው የዊንዶውስ የራሱ ፕሮግራም ፎርማት ሳታደርጉ ዲስኩን ይቀይርላችኋል፤ ከዚያ ባዮሱን ዊንዶውስ 11 ወደሚፈልገው አዲሱ ዘዴ፣ ወደ ዩኢኤፍአይ አዙሩ። ፋይላችሁን ግን አስቀድማችሁ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።